የግሪክ አፈ ታሪክ በአሜሪካ ኮሌጅ፦ የመግቢያው ኮርስ ውስጥ ምን አለ?

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ የገባ ተማሪ፣ ሜጀሩ ነርሲንግም ይሁን ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ብዙውን ጊዜ ከመመረቁ በፊት ጥቂት የሂውማኒቲስ ኮርሶች መውሰድ ይጠበቅበታል። ከነዚህ መካከል ብዙ ፈላጊ ያለው አንዱ የግሪክና የሮማ አፈ ታሪክ መግቢያ ነው። ስሙ ከኮሌጅ ኮሌጅ ቢለያይም ይዘቱ ብዙም አይራራቅም። የሚሰጠው የጥንቱን የግሪክና የሮማ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ በሚያስተምረው የክላሲክስ ትምህርት ክፍል ነው። ግሪክኛም ላቲንም ማወቅ አያስፈልግም፤ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይነበባል።

ለትምህርት ክፍሉም ኮርሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የጥንቱን ገጣሚ ሆሜርን በግሪክኛ ለማንበብ የሚመዘገበው ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው። አፈ ታሪክ ሲባል ግን ትልቁ አዳራሽ ይሞላል። ፕሮፌሰሩ ሌክቸር ይሰጣል፤ በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ተማሪው በትንንሽ ቡድን ተከፋፍሎ ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጋር ይወያያል።

ብዙው ተማሪ የሚመጣው፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ቀላል ኤ ፍለጋ ነው። በልጅነቱ ስለ አማልክቱ አለቃ ዜውስና ስለ ጀግናው ሄርኩለስ አንብቧል፣ ካርቱን አይቷል፣ ጌም ተጫውቷል። ስለዚህ ታሪኩን አውቀዋለሁ ይላል። ጎበዝ አስተማሪ ሥራውን የሚጀምረው ይህችን «አውቀዋለሁ» በማናጋት ነው። ግሪኮች አማልክቶቻቸውን በተመለከተ ሁሉም የሚገዛበት አንድ ቅዱስ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ገጣሚው በራሱ መንገድ ይተርካል፣ ሠዓሊው በራሱ፣ እያንዳንዱ ከተማም በራሱ። «ትክክለኛው የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። የሚያዋጣው «ማን አለው? መቼ? ለማን?» ማለት ነው።

ኤዲፐስን እንውሰድ። አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባው ንጉሥ ማለት ነው። ሁላችንም የምናውቀው የሶፎክለስን ኤዲፐስ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን አቴንስ ላይ የታየውን ተውኔት። እዚያ እናቱ ዮካስታ እውነቱ ሲወጣ ራሷን ትሰቅላለች። እሱ ከልብሷ ላይ ያወጣውን መርፌ ዓይኑ ውስጥ እየሰካ ራሱን ያሳውራል፣ ከአገር አስወጡኝ ብሎም ይለምናል። ከዚያ በፊት የነበረውን የሆሜርን ረጅም ግጥም ኦዲሲን 11ኛው ክፍል ላይ ግልጥ ብታደርጉት ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። እናትየዋ ኤፒካስቴ ትባላለች። ራሷን መስቀሏ አለ፤ ልጇ ግን እየተሠቃየም ቢሆን ከተማውን ቴብስን መግዛቱን ይቀጥላል። ዓይን ስለማጥፋት አንድም ቃል የለም። ሌላው የአቴንስ ተውኔት ጸሐፊ ዩሪፒዲስ ደግሞ በራሱ ተውኔት ላይ ዮካስታን በሕይወት ያቆያትና ሁለቱ ልጆቿ ሲገዳደሉ ሬሳቸው ላይ በሰይፍ እንድትሞት ያደርጋታል። ኤዲፐስ ያን ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል።

ሦስቱንም ጎን ለጎን ያነበበ ተማሪ ከዚያ ወዲያ «የኤዲፐስ ታሪክ» ብሎ በነጠላ ለመናገር ይከብደዋል። የኮርሱ ዋና ቁም ነገር ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል ማለት ይቻላል።

የንባቡ ቅደም ተከተል አብዛኛውን ጊዜ ከገጣሚው ሄሲዮድ ቲዮጎኒ፣ ማለትም ስለ አማልክት ትውልድ ከሚተርከው ግጥም፣ ይነሳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 አካባቢ የተገጠመ ነው፣ ርዝመቱም ወደ 1000 ስንኝ፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ሰማዩ ኡራኖስ ልጆቹ እንዳይወጡ እናታቸው ምድር ውስጥ ያፍናቸዋል። ትንሹ ልጅ ክሮኖስ እናቱ በሰጠችው ማጭድ አባቱን ይሰልበዋል። ክሮኖስ ደግሞ በተራው ልጆቼ ይገለብጡኛል ብሎ እየተወለዱ ይውጣቸዋል። ዜውስ ሲወለድ እናቱ ሬያ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ትሰጠዋለች፤ ሰውዬው ሳያይ ዋጥ ያደርገዋል። በኋላ ሲያስታውክ ድንጋዩ ቀድሞ ይወጣል።

እዚህ ላይ ተረት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን ድንጋዩን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ! ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ግሪክን እየዞረ የጻፈው ፓውሳንያስ የግሪኮች ቅዱስ ቦታ በሆነው ዴልፊ ላይ መጠኑ መለስተኛ የሆነ ድንጋይ እንዳየ ይናገራል። በየቀኑ ዘይት ያፈሱበታል፣ በዓል ሲሆን ያልተፈተለ ሱፍ ያለብሱታል። ክሮኖስ የዋጠው ነው ይባል ነበር። አፈ ታሪክ ከመጽሐፍ ወጥቶ በየቀኑ ዘይት የሚቀባ ነገር ሲሆን ይታያችሁ።

የክሮኖስ ታሪክ ራሱም ግሪክ ውስጥ ብቻ የበቀለ አይመስልም። ዛሬ ቱርክ በሆነው አገር ከኬጢያውያን ዋና ከተማ የተቆፈሩ የሸክላ ጽላቶች ላይ ኩማርቢ የሚባል አምላክ አለ። የሰማዩን አምላክ ብልት ነክሶ ይቆርጥና ከዚያ የተነሳ የማዕበሉን አምላክ ያረግዛል። ጽላቶቹ ከሄሲዮድ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። ስለዚህ ኮርሱ የባቢሎንና የኬጢያውያን ንባብም ቀላቀል ማድረጉ የተለመደ ነው።

ከሁሉም ክፍል ሚዛን የሚደፋው፣ በእኔ ግምት፣ ለእህልና ለአዝመራ አምላክ ለዲሜተር የተገጠመው መዝሙር ነው። ወደ እኛ የደረሰው በአንድ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1777 ሞስኮ ውስጥ ተገኝቶ አሁን ሆላንድ፣ ላይደን ይገኛል። መጨረሻው አካባቢ ተቀዷል። ታሪኩ የጠለፋ ታሪክ ነው። የዲሜተር ልጅ ፐርሰፎኒ አበባ ስትለቅም የሙታን ንጉሥ ሃዲስ ይዟት ይሄዳል፤ አባቷ ዜውስ ፈቅዷል፤ እናቷን የጠየቃት የለም። ዲሜተር 9 ቀን ሳትበላ ሳትጠጣ ችቦ ይዛ ትፈልጋታለች። በመጨረሻ አሮጊት መስላ ኤሌውሲስ የሚባል ከተማ ትገባለች። እዚያ ወይን ሲያቀርቡላት እምቢ ትልና የገብስ ዱቄት በውኃና በሚንት አይነት ቅጠል በጥብጣችሁ ስጡኝ ትላለች። ለሐበሻ አንባቢ በሶ ማለት ነው። ኤሌውሲስ በሚፈጸመው ምሥጢራዊ ሥርዓት የሚገቡ ሰዎችም ጾመው ይህንኑ ይጠጡ ነበር። ተማሪው ታሪክና ሥርዓት እንዴት እንደሚያያዙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ሥዕልም ይጠናል። ፈተና ላይ የሸክላ ዕቃ ፎቶ መጥቶ «ይህ ማነው? በምን አወቅህ?» ይባላል። የአንበሳ ቆዳ ካለ ሄራክለስ (ሄርኩለስ) ነው፣ ክንፍ ያለው ጫማ ከሆነ ሄርሜስ ወይም ፐርሴውስ። ፍራንሷ ቬዝ የሚባለው ታዋቂ የሸክላ ማሰሮ እ.ኤ.አ. በ1844 ጣሊያን ውስጥ መገኘት የጀመረ ሲሆን ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 570 አካባቢ ነው። ከ200 በላይ ምስል አለበት፤ ሠዓሊው ክሌይቲያስ ለብዙዎቹ ስማቸውን ጽፎላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1900 ፍሎረንስ ሙዚየም ውስጥ አንድ ጥበቃ በንዴት በርጩማ ወርውሮበት 638 ቦታ ሰባበረው። ዛሬ የምናየው የተጠጋገነውን ነው።

ንድፈ ሐሳቡን ቶሎ እንለፈው፤ ብዙ ኮርሶችም እንደዚያው ያደርጋሉ። የሥነ ልቦናው ሊቅ ፍሮይድ ኤዲፐስን የልጅነት ምኞት ማሳያ አድርጎታል። አንትሮፖሎጂስቱ ሌቪ ስትሮስ እ.ኤ.አ. በ1955 ያንኑ ታሪክ ቆራርጦ ሠንጠረዥ ላይ ደርድሮታል። ሁሉንም በአንድ ሳምንት የሚያጭቅ ሲላበስ (የኮርስ ዕቅድ) ግን ለማንም አይጠቅምም።

ኢትዮጵያ ትመጣለች ወይ? አዎ፣ ገና ከመጀመሪያው። ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከው የሆሜር ኢሊያድ 1ኛው ክፍል ላይ ጀግናው አኪሌስ ተበድያለሁ ብሎ ሲያለቅስ እናቱ ዜውስን እለምንልሃለሁ ትለዋለች። ግን ዜውስ የለም። ከአማልክቱ ሁሉ ጋር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዷል፣ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። በኦዲሲም የባሕሩ አምላክ ፖሳይዶን እዚያው መሥዋዕት ሊቀበል ሄዶ ሳለ ነው ሌሎቹ ተሰብስበው ኦዲሴውስ አገሩ ይግባ ብለው የሚወስኑት። ለትሮይ ሊዋጋ የመጣው ንጉሥ ሜምኖን ኢትዮጵያዊ ነው። ፐርሴውስ ከባሕር አውሬ ያዳናት አንድሮሜዳም በብዙዎቹ ትረካዎች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ታሪኩን ያፋ ወደብ የሚያደርጉትም አሉ። ደረት ከመንፋት በፊት ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ የሆሜር ኢትዮጵያ በምድር ዳር ያለ ሩቅ አገር ነው፣ የኋለኞቹ ጸሐፊዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከግብፅ ደቡብ ያለውን የናይል አካባቢ ነው የሚሉት። የዛሬው ካርታ ላይ አይገጥምም።

ከዚሁ ሳንወጣ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደው ግሪካዊው ገጣሚና ፈላስፋ ዜኖፋኔስ ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻቸውን ጥቁርና አፍንጫ ደፍጣጣ፣ ከግሪክ ሰሜን የሚኖሩት ትሬሳውያን ደግሞ ዓይነ ሰማያዊና ቀይ ጠጉር ያደርጓቸዋል ብሎ ሸንቆጥ አድርጓል። አፈ ታሪክን መጠራጠርም ከግሪኮቹ ከራሳቸው ነው የጀመረው።

የጠለፋና የአስገድዶ መድፈር ታሪኮች ብዛት ክፍል ውስጥ ክርክር ማስነሳቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁሉም የኮሌጁ ተማሪ ግድ በሚወስደው የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ሰበብ፣ ተማሪዎች በጋዜጣቸው ላይ ስለ ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ንባብ አቤቱታ ጽፈው በአገሪቱ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። አሁን ብዙ አስተማሪዎች አስቀድመው ያሳውቃሉ፣ ከዚያም ጽሑፉን ሳያለዝቡ ያነባሉ። የሚሻለውም ይኸው ይመስለኛል። የዲሜተርን መዝሙር «የወቅቶች መፈራረቅ ማብራሪያ» ብቻ አድርጎ ማስተማር የእናትየዋን ለቅሶ መዝለል ነው።

ፈተናው ላይ ተማሪ የሚወድቀው ስም ላይ ነው። አንድ ሰው የግሪክም የሮማም ስም አለው፣ ዘር ማንዘሩ ደግሞ የተጠላለፈ ነው። ካርድ ሠርቶ መሸምደድ ግድ ይላል። ድርሰት ላይ ደግሞ የተለመደው ጥያቄ ሁለት ትረካ አወዳድር የሚል ነው፤ ታሪኩን መልሶ የተረከ ብዙ ነጥብ አያገኝም።

ሳይመዘገቡ መከታተል የሚፈልጉም መንገድ አላቸው። የሃርቫርዱ ግሪጎሪ ናጅ ለዓመታት ያስተማረው የግሪክ ጀግኖች ኮርስ እ.ኤ.አ. በ2013 በነፃ ኢንተርኔት ላይ ተከፍቷል። የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ፐርሲየስ ቤተ መጻሕፍትም ሆሜርን፣ ሄሲዮድንና ፓውሳንያስን ከነእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ያለ ክፍያ አስቀምጧል። ትርጉሞቹ አሮጌ ናቸው፣ እንግሊዝኛቸውም ይጎረብጣል። ለመጀመር ቲዮጎኒ ይበቃል።