«ይኩን ፈቃድከ»፦ ጉዳይን ለእግዚአብሔር አደራ መስጠት በግል ጸሎት

ጉዳይን ለእግዚአብሔር አደራ መስጠት ማለት የፈለጉትን በግልጽ ለምኖ ውሳኔውን ለእርሱ መተው ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ ይህ የሚፈጸመው ለብቻው በተዘጋጀ ጸሎት ሳይሆን በየዕለቱ በሚደገመው ውስጥ ነው። ቃሉ የአቡነ ዘበሰማያት ነው፦ «ወይኩን ፈቃድከ»፣ ማለትም «ፈቃድህ ይሁን»። ሌላው ምንጭ በግእዙ አቆጣጠር መዝሙር 30 ሲሆን፣ ጌታ በመስቀል ላይ የጸለየው «ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» (ሉቃስ 23፥46) ከዚያ የመጣ ነው። አማርኛው «ተማጠነ» የሚለው ግሥም «ተማኅፀነ» ከሚለው ግእዝ የወጣ ሲሆን ራስን በሌላው ጥበቃ ሥር ማስገባትን ያሳያል። አደራ ተቀባይ አለው፤ ዕቃውን መንገድ ላይ ጥሎ «አደራ ሰጠሁ» የሚል የለም።

ቅደም ተከተሉን የሚያስተምረው የጌቴሴማኒው ጸሎት ነው። ጌታ መጀመሪያ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለመነ፤ «አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ያለው ከዚያ በኋላ ነው (ማቴዎስ 26፥39)። ደግሞም 3 ጊዜ ተመላልሶ ጸለየ። ስለዚህ አንዴ ጸልዮ ልቡ ያላረፈለት ሰው እምነት ጎደለኝ ብሎ መደንገጥ የለበትም።

የጸሎት ጊዜያት 7 ናቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሥራ የሚውል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ነግህንና (የጠዋቱን) ንዋምን (የመኝታውን) ነው። ለተጨነቀ ሰው የመኝታው ሰዓት ይመረጣል፤ ሐሳብ የሚበረታው መብራት ሲጠፋ ነውና።

ጫማ አውልቆ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቆማል፤ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ያማትባል። አቡነ ዘበሰማያት፣ ጸሎተ ሃይማኖትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ይደገማሉ። ከዚያ ዳዊት ነው። 150ው መዝሙር በ15 «ንጉሥ» የተከፈለ ሲሆን አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። በተለመደው የሳምንት አከፋፈል የሰኞ ድርሻ ከ1 እስከ 30 ስለሆነ ያ የአደራ መዝሙር የሚደርሰው ሰኞ ነው። 30ውን መዝሙር መድገም የከበደው አንድ ንጉሥ ይድገም፤ እየተጣደፉ 30 ከመጨረስ ይሻላል።

የራስ ልመና በራስ ቃል የሚቀርበው በመጨረሻ ነው። እዚህ ላይ «ነገሬን ሁሉ አስተካክልልኝ» ማለት ብዙም አይረዳም፤ ስም ያልተሰጠውን ጉዳይ ማስረከብ ያስቸግራል። «የእናቴ ቀዶ ሕክምና በሰላም እንዲያልፍ» ይባላል፤ ፍርሃቱም አይደበቅም፦ «እንዳላጣት እፈራለሁ»። ከዚያ «ይኩን ፈቃድከ» ብሎ መስገድ ነው፤ ጉልበትና እጅ መሬት ይይዛሉ፣ ግንባር መሬት ይነካል። ልብ ገና ባይስማማ እንኳ አካል ቀድሞ ይሰግዳል፤ ስሜት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ቀን ይጠብቃል። ከተነሡ በኋላ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ ተሣሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን) ይባላል፤ ልመናው ግን እንደገና አይከፈትም። የስግደቱን ብዛት የንስሐ አባት ይወስናል። እሑድና በበዓለ ሐምሳ (ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት) ስለማይሰገድ ቆመው ይፈጽማሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ድርድር ነው። ስእለት የተከበረ ልማድ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ያየ ያውቀዋል። ሐናም ተስላ ሳሙኤልን አግኝታለች። ነገር ግን ተሳዩ «ይህን ካልሰጠኸኝ» ማለት ሲጀምር አደራነቱ ቀርቶ ውል ይሆናል። ሌላው ስሕተት «እሱ ያውቃል» ብሎ ልመናውን መዝለል ነው፤ ትሕትና ይምሰል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እንቢ እንዳይባሉ መፍራት ነው። «ተጽፎብኝ ነው» ማለትም ከአደራ መስጠት ይለያል፤ ዕድል አይሰማም፣ ጸሎት ግን ለሚሰማ አባት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ብሎ መድኃኒት ማቆም ነው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር መሆኑን ይናገራል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። እንክብሉን በጠበሉ የሚውጡም አሉ።