ኤልኤልዜድኦ፦ ሊቲየም የሚያሳልፈው ሴራሚክና የአሠራሩ ነገር

ኤልኤልዜድኦ ከሊቲየም፣ ከላንታነም፣ ከዚርኮኒየምና ከኦክስጅን የሚሠራ ሴራሚክ ነው። ጠጣር ሆኖ ሳለ የሊቲየም አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው አቶሞች) በውስጡ ይመላለሳሉ። ኤሌክትሮን ግን እንደ ልቡ አያልፍበትም። የሚፈለገውም ለዚሁ ነው፦ በስልካችንና በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ተቀጣጣይ ፈሳሽ ተክቶ በቀላሉ የማይነድ ባትሪ ለመሥራት።

ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ2007 ሙሩጋን፣ ታንጋዱራይና ቬፕነር ናቸው። ሥራው የተሠራው በጀርመን ኪል ዩኒቨርሲቲ ነው። በክፍል ሙቀት የለኩት አዮን የማስተላለፍ አቅም ወደ 0.3 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር ነበር (ቁጥሩ በበለጠ መጠን አዮኑ በቀላሉ ያልፋል)። በባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ 10 ይደርሳል፤ ለጠጣር ነገር ግን 0.3 እንዲህ በዋዛ የሚገኝ አይደለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጃፓን ውስጥ ያንኑ ውህድ ሠርተው ያጠኑ ተመራማሪዎች ያገኙት መቶ እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። ቀመሩ አንድ፣ ውጤቱ ሰማይና ምድር። ምክንያቱ የክሪስታሉ ቅርጽ ነው። የጃፓኖቹ በአንድ በኩል አጠር ያለ፣ ሊቲየሞቹ እያንዳንዳቸው የተመደበላቸውን ቦታ ይዘው የተቀመጡበት ነበር። የጀርመኖቹ ደግሞ በሁሉም ጎን እኩል የሆነው ኪዩቢክ ነው፤ በእሱ ውስጥ ክፍት ቦታ ስላለ ሊቲየሙ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ግን ኪዩቢኩ በክፍል ሙቀት ሳይለወጥ እንዴት ቆየ? መልሱ የተገኘው ዱቄቱ በተቃጠለበት ዕቃ ላይ ነው። ዕቃው ከአሉሚና፣ ማለትም ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሠራ ነው፤ በ1230 ዲግሪ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ጥቂት አሉሚኒየም ወደ ሴራሚኩ ሰርጎ ይገባል። አንድ የአሉሚኒየም አዮን የሦስት ሊቲየሞችን ቻርጅ ስለሚሸከም ሁለት ቦታ ክፍት ይቀራል። ኪዩቢኩን ያጸናውም ይኸው ነው። ለእኔ ከዚህ ዘርፍ ታሪክ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም የማቃጠያ ዕቃ ራሱ እንደ ግብዓት መቆጠር እንዳለበት በግልጽ ያሳያል። ዛሬ አሉሚኒየም፣ ጋሊየም ወይም ታንታለም ሆን ተብሎ፣ ተመዝኖ ይጨመራል። በታንታለምና በጋሊየም 1 ሚሊሲመንስና ከዚያም በላይ ተደርሷል።

ሁለተኛው ራስ ምታት የሊቲየም መትነን ነው። ከ1100 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ሊቲየሙ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ብዙ ከወጣ ላንታነም ዚርኮኔት የሚባል ሌላ ውህድ ይፈጠራል፤ እሱ ደግሞ ሊቲየም አያሳልፍም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከጅምሩ ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ሊቲየም ይጨምራሉ፤ የተጠፈጠፈውንም ቁራጭ በዚያው ውህድ ዱቄት ቀብረው ያቃጥሉታል፤ ዱቄቱ የራሱን ሊቲየም ስለሚያተን በዙሪያው ያለው አየር በሊቲየም ይሞላና ከቁራጩ የሚወጣው ይቀንሳል።

ከዚያ ጥግግት ይመጣል። ሸክላ በደንብ ካልተቃጠለ ውኃ እንደሚያዣው ሁሉ፣ ይህም ካልጠበቀ በውስጡ ቀዳዳ ይቀራል፤ አዮኑ ደግሞ በቀዳዳ ውስጥ አያልፍም። በተለመደው ምድጃ ብቻ ቀዳዳ ከሌለበት ሙሉ ጥግግት ከ90 በመቶው ብዙ ከፍ ማለት አድካሚ ነው። በሙቀት ላይ ግፊት ሲታከልበት ግን ከ97 በመቶ በላይ ይገኛል።

ጥግግቱ ተሟልቶም ሴራሚኩ የተሠራባቸው ትናንሽ የክሪስታል ቅንጣቶች የሚገናኙበት ድንበር ይቀራል። ይህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በኤልኤልዜድኦ ሳይሆን ኤልኤልቲኦ በሚባለው የታይታኒየም ዘመዱ ላይ ነው። በ1993 ሲለካ በቅንጣቱ ውስጥ 1 ሚሊሲመንስ ተገኝቶ ነበር፤ ድንበሮቹ ሲጨመሩበት ግን ጠቅላላው ከ0.1 በታች ይወርዳል። አንድን ሴራሚክ በቅንጣቱ ቁጥር ብቻ ማወደስ ትክክል የማይመስለኝ ለዚህ ነው። ባትሪው የሚሠራው በጠቅላላው ቁጥር ነው።

ከምድጃ ወጥቶም ሥራው አላለቀም። አየር ላይ ሲቀመጥ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገጹ ላይ የሊቲየም ካርቦኔት ሽፋን ያበጃሉ። ሽፋኑ የባትሪው አንድ ጫፍ የሚሆነው የሊቲየም ብረት እንዳይጣበቅበት ያደርጋል፤ ልክ ቅባት የነካው ዕቃ ላይ ውኃ እንደማይያዝ። በ2017 የታተመ ጥናት ገጹን ከጠረጉ በኋላ አየር በሌለበት በ500 ዲግሪ ማሞቅ ሴራሚኩና ብረቱ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ወደ 2 ኦም ስኩዌር ሴንቲሜትር እንደሚያወርደው አሳይቷል።

በ2020 የአሜሪካው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሴራሚኩን በካርቦን ማሞቂያ መካከል አስገብተው በ10 ሴኮንድ ገደማ አቃጠሉት። ሊቲየሙ ለመትነን ጊዜ አያገኝም። ይህ በተለይ ለስስ ንጣፍ ይጠቅማል፤ ንጣፉ በሳሳ ቁጥር ገጹ ከይዘቱ አንጻር ስለሚሰፋ በተለመደው መንገድ የሚጠፋው ሊቲየም ይበዛልና። ቀሪው ፈተና ቻርጅ ሲደረግ የሚታየው ነው፦ ኤሌክትሪኩ ሲበረታ የሊቲየም ብረት በስንጥቅና በቅንጣት ድንበር በኩል እንደ ክር ሰርጎ ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል፤ ጠጣርና ጥቅጥቅ ያለው ቁራጭም ከዚህ አልዳነም።