ሳይቀምሱ መስከር

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ጅማ ውስጥ አርብ አርብ አዳር ጸሎት የሚያድር ባጃጅ ነጂ ወንድም ሞልቷል። ሌሊቱን ሲዘምር፣ ስለ አገር ሲማልድ ያድራል። ሊነጋጋ ሲል ፊቱን ታጥቦ በቀጥታ ወደ ሥራ ይወጣል። አንዱን ከመናኸሪያ፣ አንዱን ከፈረንጅ አራዳ እየጫነ እስከ ምሳ ሰዓት ይሮጣል። አልኮል የሚባል በአፉ አልዞረም። ግን መሪውን የያዘው እጁ ከጠጣ ሰው እጅ ብዙ አይለይም።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. ድሩ ዳውሰንና ካትሪን ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች አውስትራሊያ ውስጥ ለክተውታል። 40 ሰዎችን በአንድ ዙር 28 ሰዓት እንቅልፍ ከለከሏቸው። በሌላ ዙር እነዚያኑ ሰዎች በየግማሽ ሰዓቱ አልኮል አጠጧቸው። በሁለቱም ጊዜ የዓይንና የእጅ ቅንጅት የሚፈትን ሥራ ሰጧቸው። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየው፣ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህ መጠን እዚያው አገር ሹፌርን ያስቀጣል። 24 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ 0.10 ገባ። በእኛ ሰዓት እናስበው። ጠዋት 12 ሰዓት የተነሣ ሰው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው መጠን ላይ ደርሷል። አዳር ጸሎቱ በአሜን ሲዘጋ እጥፉ ላይ ነው።

ሁለቱ በአንድ ነገር ይለያያሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የጠጣ ሰው ይሸታል፣ ይንገዳገዳል፣ ሰው ያየዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ራሱም አያውቀውም። በ2003 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ሰዎችን ለ14 ቀን በየሌሊቱ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ብቻ አስተኝቶ ነበር። አእምሯቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ እንዳልተኛ ሰው ደከመ። እነሱ ግን “ትንሽ ነው የደከመኝ፣ ለምጄዋለሁ” ባዮች ነበሩ። እኛም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጠጣውን እንገሥጻለን፣ ያልተኛውን “ትጉህ ነው” ብለን እናመሰግናለን። ልክ አይመስለኝም። “በወይን ጠጅ አትስከሩ” ያለን ሐዋርያ ጉዳዩ የጠርሙሱ ብቻ አልነበረም። ሰው ራሱን መግዛት እንዳያቅተው ነው።

ስሜትም ላይ እንዲሁ ነው። መጠጥ መጀመሪያ ላይ ሰውን ያስቃል፣ ያፍታታል። እንቅልፍ ማጣት ግን ያነጫንጫል። ፍርሃትንና ቁጣን የሚያስነሣው አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ይበረታል፤ የሚገታው የፊተኛው ክፍል ደግሞ ይላላል። ልጇ ላይ የጮኸች እናት፣ ሚስቱን ያመናጨቀ አገልጋይ፣ “ጸሎቴ አልሰማ አለ” ብሎ የተከዘ ወጣት፣ ሁሉም “ውጊያ ነው” ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ግን ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ ብሎ መጠየቅ አለማመን አይደለም።

ኤልያስን ተመልከቱት። በቀርሜሎስ እሳት አውርዷል። በአክዓብ ሰረገላ ፊት እስከ ኢይዝራኤል ሮጧል። ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ ቤርሳቤህ ወርዷል፤ ከዚያም የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገብቷል። ክትክታ ዛፍ ሥር ቁጭ አለና “ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ” አለ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም። ስለ እምነት አላስተማረውም። አስተኛው። መልአኩ ቀሰቀሰው፤ ራስጌው እንጎቻና ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም “ለምን ትተኛለህ?” አላለውም። ሁለተኛ መጥቶ “ተነሥና ብላ፣ መንገዱ ሩቅ ነው” አለው። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ተጓዘ። “ምን ታደርጋለህ?” የሚለው ጥያቄ የመጣው ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው። ስንቶቻችን ነን ሞትን የተመኘ ወንድም ሲመጣ ጥያቄውን አስቀድመን እንጎቻውን የምንረሳው?

ስለ ቡናችንም ላንሣ፣ ጅማ ሆኖ ቡና አለማንሣት አይቻልም። ቡና ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ እንቅልፍን አይተካም። በ11 ሰዓት የጠጣነው በረካ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሰውነታችን ውስጥ ነው። ለፈተና ብለው ጫት ይዘው የሚያድሩ፣ ከዚያ ጨብሲ ብለው የሚጠጡ ተማሪ ልጆቻችን ደግሞ በሁለቱም በኩል ተጎጂ ናቸው። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ይቆራርጠዋል።

አዳር ጸሎት ይቅር እያልኩ አይደለም። ጌታ ራሱ በተራራ ሌሊቱን ሙሉ ጸልዮአል። ያው ጌታ ማዕበል መካከል ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ጨቅላ የያዛችሁ እናቶች፣ ሆስፒታል ተረኛ የምታድሩ እህቶች፣ እንቅልፍ እምቢ ያላችሁ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ወቀሳ አይደለም። ብትችሉ ቀን ላይ ጋደም በሉ። የእንቅልፍ እጦቱ ከከረመ ሐኪም አማክሩ።

የጸሎት መሪዎች ግን አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። አርብ ማታ ስትጀምሩ ነገ መሪ የሚይዝ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ባጃጅ ነጂውን፣ በጊቤ በረሃ ጠመዝማዛ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደውን ሹፌር፣ ከማታው 4 ሰዓት በፊት ጸልዩለትና ወደ ቤቱ ሸኙት። እንቢ ካለ አዳራሹ ጥግ ምንጣፍ አንጥፉለት። እሱ ሲተኛ እናንተ ስለ እሱ ጸልዩ።