«8 ጊጋባይት ግራፊክስ» ምንድን ነው?

በዓል በተቃረበ ቁጥር ያው ማስታወቂያ ይመለሳል፦ «ለጌም የሚሆን ላፕቶፕ፣ ግራፊክስ 8 ጊጋባይት፣ ማንኛውንም ጌም ያጫውታል»። የግራፊክሱ ስም አልተጻፈም። መቼ እንደተሠራ፣ ስንት ዋት እንደሚወስድ የሚናገር አንድ ቃል የለም። ያለው ጊጋባይቱ ብቻ ነው። ወላጆች፣ ወይም ከውጭ አገር ለወንድሟ ልጅ የገና ስጦታ የምትልክ አክስት፣ ይህንን አንድ ቁጥር ይዘው ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ልጁ ደስ ብሎት ጌሙን ሲከፍተው ምስሉ ይቆራረጣል፤ ቤተሰቡም ዕቃው የተበላሸ መስሎት ወደ ጥገና ያመጣዋል። የተበላሸ ነገር የለውም። ከመጀመሪያውም ለዚያ ሥራ የተሠራ አልነበረም። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ በጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ባየሁ ቁጥር የሚያናድደኝ፣ በዚያው ዋጋ ልጁን በእውነት የሚያስደስት ዕቃ መግዛት ይቻል እንደነበር ማወቄ ነው።

ግራፊክስ የሚባለው በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል ነው። ጊጋባይቱ የሚለካው የግራፊክሱን ሜሞሪ ስፋት ነው። ምስሉን እያሰላ የሚሠራው ግን ቺፑ ነው። ሜሞሪው ቺፑ የሚፈልገውን ጥሬ ዕቃ ያስቀምጥለታል፦ የግድግዳውን፣ የመንገዱን፣ የተጫዋቹን ልብስ ሥዕል፣ የመኪናውን ቅርጽ፣ የጥላውን ስሌት።

ሠርግ የሚደገስበትን ቤት እናስብ። ቡሃቃው ሜሞሪው ነው፤ ምጣዶቹ በቺፑ ውስጥ ያሉት ማስሊያ ክፍሎች፣ ማለትም ኮሮቹ ናቸው፤ ሊጡ የሚቀዳበት ጣሳ ደግሞ ከሜሞሪው ወደ ቺፑ መረጃ የሚያልፍበት ፍጥነት ነው። አንድ ምጣድ ያለው ሰው ቡሃቃውን በሁለት እጥፍ ቢያሰፋው በሰዓት የሚያወጣው እንጀራ አይጨምርም፤ ሊጡ ተርፎ እዚያው ይኮመጥጣል። በተቃራኒው አሥር ምጣድ ተጥዶ ቡሃቃው ትንሽ ከሆነ፣ ሊጥ ባለቀ ቁጥር ከጎረቤት እስኪመጣ ድረስ ምጣዶቹ ባዶአቸውን ይግላሉ። ጎረቤቱ የኮምፒውተሩ ዋናው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ለሁሉም ሥራው የሚጠቀምበት ሜሞሪ ነው፤ ወደ እርሱ የሚወስደው መንገድም ግራፊክስ ካርዱ ከራሱ ሜሞሪ ጋር ከሚገናኝበት መንገድ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጠባብ ነው። በጌም ውስጥ ይህ የሚታወቀው ለስላሳ ሆኖ ሲሄድ የነበረው ጨዋታ ድንገት ለቅጽበት ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደገና ሲቀጥል ነው።

እንግዲህ ሜሞሪ ሲያንስ ይጎዳል፤ ከበቃ በኋላ የሚጨመረው ግን ፍጥነት አይሆንም።

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ «ጊጋባይቱ የበዛው ሁልጊዜ ይበልጣል፤ ሌላው ዝርዝር ለመሐንዲስ እንጂ ለገዢ አያስፈልግም» ሲል ጽፏል። በዚህ ሚዛን ከሄድን የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ የኤንቪዲያ ካርድ አርቲኤክስ 3060፣ 12 ጊጋባይት ስላለው፣ 10 ጊጋባይት ይዞ በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው አርቲኤክስ 3080 ይበልጣል ማለት ነው። የመጀመሪያው ያሉት ኮሮች 3,584 ሲሆኑ የሁለተኛው 8,704 ናቸው። የሜሞሪው ፍጥነት በአንዱ በሰከንድ 360 ጊጋባይት፣ በሌላው 760 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያጫወተ ሰው ለጊጋባይቱ ብዛት ብሎ 3080ውን በ3060 አይለውጥም። አስተያየት ሰጪው «ለገዢ አያስፈልግም» ያለው ዝርዝር ገዢው ገንዘቡን የሚከፍልበት ዋናው ነገር ነው።

ከዚህ የባሰው ጂቲ 1030 በተባለው የኤንቪዲያ ካርድ ላይ የደረሰው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂዲዲአር5 የተባለ ፈጣን ሜሞሪ ነበረው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 48 ጊጋባይት ነው። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ስም ዲዲአር4 ሜሞሪ ያለው ሌላ ካርድ ተከተለ፤ የእርሱ ፍጥነት 16.8 ብቻ ነው። ሁለቱም 2 ጊጋባይት ናቸው። ቡሃቃው ያው ሆኖ ጣሳው ተነሥቶ በምትኩ የቡና ስኒ ተተካ ማለት ነው። «ጂቲ 1030፣ 2 ጊጋባይት» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቃሉ እውነት ነው፤ ገዢው ግን የትኛውን እንደገዛ በምንም አያውቅም።

ሌላኛውን ወገንም ልናገር፤ ጊጋባይት ዋጋ የለውም የሚሉም ተሳስተዋል። አርቲኤክስ 4060 ቲአይ በ2023 እ.ኤ.አ. በ8 እና በ16 ጊጋባይት ወጥቷል። ቺፑ አንድ ነው፤ የሜሞሪው ፍጥነትም በሰከንድ 288 ጊጋባይት ሆኖ አንድ ነው፤ ሲወጡ ዋጋቸው ግን 399 እና 499 ዶላር ነበር። 8 ጊጋባይት በሚበቃቸው ጌሞች ላይ ሁለቱ ልዩነት የላቸውም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት ወደ ኮምፒውተር የመጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ ፓርት 1» ግን የሥዕል ጥራቱ ከፍ ሲደረግ 8 ጊጋባይት ያላቸውን ካርዶች አጨናንቋል፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰፊው ይጠቅማል። ሦስት አቅጣጫዊ ሥዕል ለሚሠሩና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በራሳቸው ኮምፒውተር ለሚያስኬዱም ሥራው በሙሉ በአንድ ጊዜ ሜሞሪ ውስጥ ካልገባ እጅግ ስለሚዘገይ ወይም ጨርሶ ስለማይሄድ ስፋቱ ወሳኝ ነው። ለትምህርት ቤት ልጅ የበዓል ስጦታ ሲገዛ ግን ይህ ብዙውን ጊዜ አይመለከተንም።

ልጁ የሚጫወተው ጌም ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚፈልግ መገመት ሳያስፈልግ ማየት የሚቻልበት ቦታም አለ። ብዙ ልጆች የሚያውቁት «ጂቲኤ 5» የግራፊክስ ማስተካከያው ውስጥ ከላይ አንድ አግድም መስመር አለው፤ የሥዕሉን ጥራት አንድ ደረጃ ከፍ ባደረጉ ቁጥር መስመሩ ይረዝማል፤ የካርዱ ሜሞሪ ስንት እንደሆነና ምርጫው ስንቱን እንደሚወስድ በሜጋባይት ይጽፋል። ቦታውን የሚበሉት በዋናነት ሥዕሎቹ ናቸው። በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ የሚወጣው አንዱ ምስል ራሱ 2,073,600 ነጥቦች ብቻ ስላሉት 8 ሜጋባይት ያህል ነው። ከባዱ ነገር ያንን ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ፣ እያንዳንዱን በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሠርቶ ማድረስ ነው፤ ያ ደግሞ የምጣዶቹ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። ከማስታወቂያዎቹ ብዙዎቹ የሚያወሩለት 8 ጊጋባይት ጨርሶ የግራፊክስ ሜሞሪ አይደለም። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ምስሉን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ አነስተኛ ግራፊክስ ነው፤ ሜሞሪውንም ከዋናው ራም ይበደራል። በዊንዶውስ የስክሪን ማስተካከያ ውስጥ ገብተው የግራፊክሱን መግለጫ ሲከፍቱ አንዲት ትንሽ መስኮት ትመጣለች። ኢንቴል ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ የመጀመሪያው መስመር «ቶታል አቬይለብል ግራፊክስ ሜሞሪ» (በጠቅላላ ሊገኝ የሚችል) ብሎ 8 ጊጋባይት ያህል ያሳያል። ከሥሩ «ዴዲኬትድ ቪዲዮ ሜሞሪ» (ለግራፊክሱ ብቻ የተመደበ) የሚለው አብዛኛውን ጊዜ 128 ሜጋባይት ነው። ዝቅ ብሎ «ሼርድ ሲስተም ሜሞሪ» (ከራም የሚጋራው) የሚለው የቀረውን ይዟል። ነጋዴው የመጀመሪያዋን መስመር ፎቶ አንሥቶ ይለጥፋል። ያ ቁጥር ዊንዶውስ «ካስፈለገ እስከዚህ ድረስ ከራም መበደር ይቻላል» የሚልበት ጣሪያ ነው፤ የራሙን ግማሽ ያህል ነው። በዚያው ላፕቶፕ ላይ ራሙን ወደ 32 ጊጋባይት ብናሳድገው ግራፊክሱ ሳይነካ መስመሩ 16 ጊጋባይት ብሎ ይጽፋል። ራም ሲጨመር እጥፍ የሚሆን ቁጥር የግራፊክስ አቅም መለኪያ ሊሆን አይችልም። ይህንን አውቆ የሚለጥፍ ሻጭ ገዢውን እያታለለ ነው፤ ሳያውቅ የሚለጥፍም ሌላ ሰው የልጁን የበዓል ገንዘብ እንዲያባክን እያደረገ ነው።

ይህን ስል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለውን ግራፊክስ መናቄ አይደለም። «ማይንክራፍት»ን፣ «ቫሎራንት»ን፣ ቆየት ያሉ የእግር ኳስ ጌሞችን ቅንብሩ ዝቅ ተደርጎ ጥሩ አድርጎ ያጫውታል። ከራም ስለሚበደር ግን ራሙ እንዴት እንደተገጠመ በእጅጉ ይነካዋል። አንድ ባለ 16 ከመግጠም ሁለት ባለ 8 መግጠም ይሻላል፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሠሩ መረጃው የሚያልፍበት መንገድ በእጥፍ ይሰፋል። የኢንቴል «አይሪስ ኤክስኢ» ግራፊክስ ራሙ በአንድ በኩል ብቻ ሲገጠም በስሙ እንኳ አይጠራም፤ ዊንዶውስ «ዩኤችዲ» ብሎ ያሳየዋል። ላፕቶፕ ላለው ልጅ ባዶ ቦታው ላይ የሚገባ ሁለተኛ ራም ርካሽና የሚታይ ለውጥ የሚያመጣ ስጦታ ነው፤ ራሙ በቦርዱ ላይ የተበየደ አለመሆኑን ግን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የራሱ ካርድ ያለው ላፕቶፕም ቢሆን ስሙና ጊጋባይቱ ሁሉን አይናገሩም። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4060 ሁልጊዜ 8 ጊጋባይት ነው፤ አምራቹ የሚፈቅድለት ኃይል ግን ከ35 እስከ 115 ዋት ሊሆን ይችላል። ምጣዱ ያው ሆኖ እሳቱ ይለያያል። ሙቀትም አለ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ማራገቢያውም በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ከተማዋ ቀዝቃዛ ስለሆነች ብቻ በስስ ቀፎ ውስጥ የታጨቀ ኃይለኛ ካርድ ከቆላ ከተማ ይልቅ የተሻለ ይቀዘቅዛል ብሎ መገመት ስለዚህ ሁልጊዜ አያስኬድም።

ለዴስክቶፕ ብቻውን የሚገዛ ያገለገለ ካርድ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋባይት» የሚል ተለጣፊ የተለጠፈባቸው፣ ውስጣቸው ግን አሮጌው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ የሆኑ ካርዶች በዓለም ገበያ ተሰራጭተዋል፤ ዊንዶውስ ራሱ ተሸውዶ በሐሰተኛው ስም ያነባቸዋል። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉትን ለይቶ «ፌክ» ብሎ ይጽፍባቸዋል። የኮሮቹንም ቁጥር ተመልከቱ፤ እውነተኛው 768 አለው፣ አሮጌው 192 ብቻ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ላፕቶፑን እንዲያበራው ጠይቁ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን በአንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ ጂፒዩ (የግራፊክሱ ቺፕ) ሲመረጥ ሙሉ ስሙ ከላይ በቀኝ በኩል ይታያል፣ የራሱ ሜሞሪና የተበደረው ደግሞ ከታች ተለይተው ይጻፋሉ። ፎቶ አንሡትና ስጦታውን ለሚጠብቀው ልጅ ላኩለት፤ ስሙን ካየ የትኛውን ጌም እንደሚያጫውትለት ብዙውን ጊዜ ከሻጩ አብልጦ ያውቃል።