የጥርስ ሽቦ እና በአፍ ውስጥ ያሉ የማንነት መለያዎች

በመሀል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ሽቦ ያሰረ ወጣት ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ሽቦ መልክ ያሳምራል። ማንነቱ ያልታወቀ አስከሬን የሚለይባቸውን ምልክቶች ግን ይነካካል። በኢንተርፖል አሠራር ጥርስ ከጣት አሻራና ከዲኤንኤ እኩል የሚቆም መለያ ነው።

ጥርስ ሲጨናነቅ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከክራንቻ ቀጥሎ ያሉትን አራቱን ይነቅላል። ካርዱ ላይ «14፣ 24፣ 34፣ 44» ብሎ ይጽፋል። የፊተኛው አኃዝ የአፉን ሩብ፣ የኋለኛው ከመሀል ሲቆጠር የጥርሱን ተራ ያመለክታል። በድሮ ራጅ ላይ የሚታይ ጥርስ ከአስከሬኑ ቢጎድል አያስደነግጥም፤ በኋላ ተነቅሎ ይሆናል። ተነቅሏል የተባለው ቋሚ ጥርስ እዚያው ከተገኘ ግን፣ ወይ ሰውዬው ሌላ ነው ወይ ካርዱ ተሳስቷል።

ቤተሰብ «ልጃችን ፍንጭት ነው» ሲልም መጠየቅ ያስፈልጋል። ያ የምንወደው ፍንጭት በሽቦ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የእናቶቻችንን የድድ ንቅሳት ሽቦ አያጠፋውም።

ዋናው ክርክር ላንቃ ላይ ነው። ምላስዎን ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ቢያሳርፉ ሸንተረሮች ይሰሙዎታል። ከ12ኛው እስከ 14ኛው የጽንስ ሳምንት አካባቢ ይሠራሉ። በእሳት አደጋ ጊዜ ምላስና ጉንጭ ይከልሏቸዋል። ስፔናዊው ትሮቦ ኤርሞሳ በ1932 እ.ኤ.አ. ለመለያነት አቀረባቸው። ዕድሜ ልክ አይለወጡም ይባላል፤ ሽቦ ሲመጣ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የፊት ጥርስ ወደ ኋላ ሲሳብ የመጀመሪያው ሸንተረር ጫፍ አብሮ ይንሸራተታል። ላንቃ ሲሰፋም በመካከላቸው ያለው ርቀት ይቀየራል። ሦስተኛው ብዙም አይነቃነቅም የሚሉ ይበዛሉ። ስለዚህ ከርቀቱ ይልቅ ቅርጹን፣ ከፊተኛው ይልቅ ሦስተኛውን ማመን ይሻላል።

መቼም ሽቦ የሚያስሩ ሐኪሞቻችንን የሚያህል መዝጋቢ የለም። ከሕክምናው በፊትና በኋላ የጀሶ ልክ (የጥርስና የላንቃ ቅጂ)፣ ራጅና ፎቶ ይይዛሉ። አስከሬን ለመለየት ከሁለቱ ጀሶዎች ከሕክምናው በኋላ የተወሰደው ይበልጣል። ጀሶ ቦታ ይይዛል ብሎ መጣል ግን ያሳዝናል።

ቆዳ ላይ ከቀረ የንክሻ ምልክት ተነስቶ ነካሹን መለየት ሌላ ጣጣ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2022 እ.ኤ.አ. ረቂቅ ግምገማው ሳይንሳዊ መሠረቱ በቂ አይደለም ብሏል። ሽቦ ደግሞ የተጣመመውን ሁሉ ወደ አንድ መልክ እያመጣ ልዩነቱን የባሰ ያጠበዋል።