ጉግሊ ማለት ምንድን ነው?

ክሪኬት ስታዩ ኮሜንታተሩ “ጉግሊ!” እያለ ሲጮኽ ግራ ከገባችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሌግ ስፒንን እንወቅ። በቀኝ እጁ የሚወረውር ተጫዋች ኳሷን በእጅ አንጓው አሹሮ ይለቃታል። መሬት ነክታ ስትነሳ በቀኝ እጁ ከሚመታው ተጫዋች ርቃ ወደ ውጭ ትታጠፋለች። ጉግሊ የዚህ ግልባጭ ነው። አሯሯጡ ያው፣ የክንድ አዟዟሩም ያው፤ ኳሷ ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ መቺው ትገባለች። ሚስጥሩ ያለው አንጓው ላይ ነው፦ የእጁ ጀርባ ወደ መቺው እስኪዞር ድረስ ይጠመዝዘውና ኳሷ በትንሿ ጣት በኩል ሾልካ ትወጣለች። መቺው ይህን በዓይኑ ካልያዘ አለቀለት።

የፈጠረው እንግሊዛዊው በርናርድ ቦሳንኬት ነው። ጠረጴዛ ላይ የቴኒስ ኳስ እያነጠሩ ማዶ የተቀመጠውን ሰው ከሚያሞኙበት ጨዋታ ነው ሐሳቡን ያገኘው። እ.ኤ.አ. በ1900 ለንደን ባለው የሎርድስ ሜዳ ላይ የሌስተርሻየሩን ሳም ኮ 98 ሩጫ (ነጥብ) ላይ ሳለ በዚሁ ውርወራ አስወጣው። ኳሷ አራት ጊዜ ነጥራ ነበር አሉ፤ ምን ታደርገዋለህ!

ዛሬ በእንግሊዝ የዚህ ነገር ጌታ የዮርክሻየሩ አዲል ረሺድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የቲ20 (የአጭሩ ክሪኬት) ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሜልቦርን ላይ፣ የፓኪስታኑ አምበል ባባር አዛም 32 ሩጫ ይዞ ተረጋግቶ ነበር። ረሺድ ጉግሊ ለቀቀበት፤ ባባር የነካት ኳስ ተመልሳ ወደ ወርዋሪው ሄደች፣ ረሺድም ራሱ ቀለባት፤ ባባር ወጣ። በዚያ ኦቨር (የስድስት ኳስ ዙር) ረሺድ አንድም ሩጫ አልሰጠም። ዋንጫውንም እንግሊዝ ወሰደች።