«ተገዶ መልቀቅ» ምንድን ነው? መልቀቂያው ላይስ ምን ይጻፋል?

አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ የሥራ መልቀቂያ ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። ደብዳቤው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። «በግል ምክንያት ሥራዬን መልቀቅ ስለምፈልግ ጥያቄዬን ተቀብላችሁ እንድታሰናብቱኝ አመለክታለሁ። እስካሁን ስለተደረገልኝ ትብብር አመሰግናለሁ።» ፈረመች፣ አስገባች፣ ወጣች።

ምንም የግል ምክንያት ግን አልነበራትም። ከአራት ወር በፊት የቅርብ አለቃዋ የሠራችውን ትርፍ ሰዓት እየቀነሰ እንደሚመዘግብባት በጽሑፍ አመልክታ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥርስ ውስጥ ገባች። ስብሰባ መጠራት ቀረ። ሁለት ዓመት የያዘችው ሥራ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጠረጴዛዋ ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደር ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን ተቀመጠ። ሁሌም ጥሩ የነበረው የሥራ አፈጻጸም ውጤቷ በአንዴ አሽቆለቆለ። «ውጪልን» ያላት ሰው የለም። ሲመርራት ራሷ ወጣች።

በኋላ መብቷን ልትጠይቅ ስትሄድ መጀመሪያ ፊቷ የተዘረጋው ወረቀት የራሷ ደብዳቤ ነበር። «በግል ምክንያት ብለሽ ጽፈሻል እኮ» አሏት። የምትመልሰው አጣች።

እሷ ላይ የደረሰው ነገር ስም አለው። «ተገዶ መልቀቅ» ይባላል። ወረቀቱ ላይ የለቀቀው ሠራተኛው ነው፤ እንዲለቅ ያደረገው ግን አሠሪው ነው። አሠሪው በቀጥታ ቢያባርር ምክንያት መስጠት፣ ካሳ መክፈል፣ ምናልባትም ፍርድ ቤት መቆም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ አያባርርም። ኑሮውን ያከብድበታል፣ ነገር ይፈልግበታል፣ ሰውየውም በገዛ እጁ ፈርሞ ይወጣል። የብዙ አገር ሕግ ይህን ዘዴ ስለሚያውቅ፣ መልቀቂያው በእውነት በግፊት የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ እንደ ስንብት ይቆጥረዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው አንድ ውሳኔ መለኪያውን እንዲህ አስቀምጦታል፦ የሥራው ሁኔታ፣ በዚያ ሠራተኛ ቦታ የቆመ ማንኛውም ጤናማ አእምሮ ያለው ሰው ከመልቀቅ ሌላ አማራጭ አይታየኝም እስኪል ድረስ የከፋ ነበር ወይ? ጥያቄው እናንተ ምን ያህል ተናደዳችሁ አይደለም። ሌላ ሰው በእናንተ ቦታ ቢሆን ይችለው ነበር ወይ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያየው አንድ ታዋቂ ጉዳይ ነበር። ሠራተኛው ከሥራ ቀርቶ ካርታ ሊጫወት ሄደ፣ የአምስት ቀን ደመወዝ የሌለው እገዳ ተጣለበት፣ ገንዘብ አጠረውና የዕረፍት ክፍያዬን አስቀድማችሁ ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። እምቢ ሲሉት ክፍያውን ለማግኘት ሲል ለቀቀ፣ ከዚያ «ተገድጄ ነው» ብሎ ከሰሰ። ተሸነፈ። አሠሪው ውሉን አላፈረሰማ። ቅር ያሰኘ ነገር ሁሉ፣ የከለከለ አለቃ ሁሉ ማስገደድ አይደለም።

በቀል ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለያል። በቀል ማለት ሠራተኛው መብቱን ስለጠየቀ፣ ጥፋት ስላጋለጠ ወይም ለሌላ ሰው ስለመሰከረ የሚደርስበት ቅጣት ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1982 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው 158ኛው ስምምነት፣ ሠራተኛ አሠሪው ሕግ ጥሷል ብሎ ማመልከቱ ለማሰናበት በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው 190ኛው ስምምነት ደግሞ በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ጥቃትና ትንኮሳ ያመለከተ፣ የመሰከረ ወይም ያጋለጠ ሰው ከበቀል እንዲጠበቅ ይጠይቃል። አገራችሁ እነዚህን ባያጸድቅም የራሱ የሥራ ሕግ ተመሳሳይ ነገር ሊል ስለሚችል ማየት ነው።

ሰው የሚሳሳተው በቀልን ማባረር ወይም ደመወዝ መቁረጥ ብቻ አድርጎ ሲያስብ ነው። አሜሪካ ውስጥ በባቡር ድርጅት ፎርክሊፍት (ዕቃ ማንሻ ማሽን) ትነዳ የነበረች ሴት ስለ አለቃዋ ጾታን የሚያንቋሽሽ ንግግር አመለከተች። ከማሽኑ አውርደው ሐዲድ ጥገና ላይ መደቧት። የሥራ መደቡ መጠሪያ ያው ነው፤ ሥራው ግን የከበደና የቆሸሸ ነበር። ቀጥሎ 37 ቀን ያለ ደመወዝ ታገደች። የታገደችበት ደመወዝ በኋላ ቢመለስላትም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የፈረደው ለእሷ ነው። ሌላውን ሠራተኛ «ብናገር እንዲህ ሊያደርጉኝ ነው» ብሎ አፉን እንዲይዝ የሚያደርግ እርምጃ በቀል ነው አለ። ኮሪደር ላይ የወጣች ጠረጴዛ ብቻዋን ትንሽ ነገር ልትመስል ትችላለች። ከቅሬታው ቀጥሎ ከመጡት ሌሎች ነገሮች ጋር በቀን ቅደም ተከተል ስትደረደር ግን ትናገራለች።

እንግዲህ ደብዳቤው።

እኔ የምለው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ምክንያታችሁን መጻፍ ካልፈለጋችሁ አትጻፉ፣ ግን የውሸት ምክንያት አትጻፉ። አንዳንድ ሰው ነገ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዳይከለክሉት ይፈራል፣ ጸጥ ብሎ መውጣት ይመርጣል፤ ይገባኛል። ለእሱ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» ብቻ ይበቃል። «በግል ምክንያት»፣ «በራሴ ፍላጎት»፣ «የተሻለ ዕድል ስላገኘሁ» የሚሉት ቃላት ግን እውነት ካልሆኑ በኋላ እናንተው ላይ ይመሰክራሉ። ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) «እንዲህ ብለሽ ጻፊው፣ የተለመደ ነው» ቢልም እንኳ።

መብታችሁን ልትጠይቁ ካሰባችሁ ምክንያቱን ጻፉት። አጭር ይሁን። አንጀት የሚያርሰው ረጅሙ ደብዳቤ አለ፣ ሌሊት የሚጻፈው፣ አለቃው ከጥንት ጀምሮ ያደረገውን ሁሉ የሚዘረዝረው፤ ጻፉትና ለራሳችሁ አስቀምጡት። የሚገባው ደብዳቤ ለማያውቃችሁ ዳኛ የሚነበብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር፦

«መስከረም 12 ስለ ትርፍ ሰዓት አመዘጋገብ በጽሑፍ ቅሬታ አቅርቤያለሁ። ከዚያ በኋላ ጥቅምት 3 የሥራ ድርሻዬ ያለ ምክንያት ተወስዶብኛል፣ ጥቅምት 20 ከሥራ ክፍሌ ወጥቼ ኮሪደር ላይ እንድቀመጥ ተደርጌያለሁ፣ ኅዳር 15 ዝቅተኛ የአፈጻጸም ውጤት ተሰጥቶኛል። ይህን በኅዳር 18 ደብዳቤ ለሰው ኃይል አሳውቄ መፍትሔ አላገኘሁም። በዚህ ሁኔታ መቀጠል ስላልቻልኩ ከታኅሣሥ 5 ጀምሮ ሥራዬን ለመልቀቅ ተገድጃለሁ። ይህ ደብዳቤ ያሉኝን ሕጋዊ መብቶች አያስቀርም።»

አለቃውን የሚሳደብ ቃል የለበትም። «በደል»፣ «ግፍ» የሚል እንኳ የለም። ቀኖቹ ይበቃሉ። «ተገድጃለሁ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ከሁሉም በላይ ታስፈልጋለች፤ እሷ ከሌለች ደብዳቤው ተራ መልቀቂያ ይመስላል።

ኅዳር 18 የተባለውን ልብ በሉ። ከመልቀቂያው በፊት «ይህ እየደረሰብኝ ነው፣ አስተካክሉልኝ» የሚል ደብዳቤ ወይም ኢሜይል መኖሩ በጣም ይጠቅማል፤ በአንዳንድ አገር ያለዚያ ጉዳዩ ሊወድቅ ይችላል። አሠሪው የማስተካከል ዕድል ተሰጥቶት አለመጠቀሙን ያሳያል። በሌላ በኩል፣ ነገሩ ከደረሰ በኋላ ዝም ብሎ ወራት መቆየትም ያስጠይቃል። «ተስማምተሽበት ነዋ የሠራሽው» ይላሉ። የመክሰሻ ጊዜውም እንደ አገሩ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን በቀናት ወይም በወራት የሚቆጠር አጭር ጊዜ ነው። የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 (እ.ኤ.አ.) በአንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ጉዳይ፣ ተገዶ በለቀቀ ሰው ላይ ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው መልቀቂያውን ካሳወቀበት ቀን ነው ብሏል፤ ሥራው ካበቃበት ቀን አይደለም። ሌላ አገር ሌላ ቀን ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ የሥራ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ወይም የሠራተኛ ማኅበር ማማከር ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ነው። ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ልውጣ ወይስ ዛሬውኑ የሚለውንም ያኔ ጠይቁ፤ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ምክንያቱ ካልተረጋገጠ ዕዳ ሊያመጣ ይችላል።

ደብዳቤውን ለተበቀላችሁ አለቃ ብቻ አትስጡ። ለሰው ኃይል ወይም ለበላይ ኃላፊ ጻፉ፣ ለአለቃው ግልባጭ ይበቃዋል። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ የራሳችሁ ቅጂ ላይ «ደርሶናል» አስብሉ፣ ቀን ይጻፍበት። አንፈርምም ካሉ ያንኑ ቀን በኢሜይል ላኩት። የሥራ ኢሜይላችሁ በወጣችሁ ቀን እንደሚዘጋ አትርሱ። የእናንተን ቅሬታ፣ የእናንተን የአፈጻጸም ውጤት፣ ለእናንተ የተጻፈውን ደብዳቤ ቀድማችሁ ያዙ። የደንበኛ ፋይልና የድርጅቱን ምስጢር ግን አትንኩ፤ ከሳሽ ሆናችሁ ሄዳችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ክሊራንስ ስትጨርሱ፣ የመጨረሻ ክፍያ ከመሰጠቱ በፊት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት ይቀርባል። ከታች በኩል በትንሹ «ከድርጅቱ ጋር ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። ባልደረባዬ ይህንንም ፈርማለች፣ ቆማ፣ እስክሪብቶ ተውሳ፣ ቶሎ ልውጣ እያለች። ቅጂውን ጠይቁ፣ ይዛችሁ ውጡ፣ ቤት ተቀምጣችሁ አንብቡት፣ ላማከራችሁት ሰው አሳዩት። ዛሬ ካልፈረማችሁ ክፍያ የለም ካሏችሁም ያንኑ በጽሑፍ ስጡኝ በሏቸው።